አባቴን ለተማሪዬ የሰጠሁ ጊዜ

ቁጡ ነኝ። አስቀድሜ የምናገረው የሚያውቀኝ ሰው ሁሉ ስለሚያውቀው ነው። ደሴ ላይ የአእምሮ ጤና ነርስ ሆኜ ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ፤ ታካሚ ላይ ተቆጥቼ አላውቅም፤ ከባልደረባና ከዘመድ ግን ከምላሴ የተረፈ የለም። ኮምቦልቻ ወርጄ እንዳሠለጥን የተመረጥኩትም "እሷ ከያዘቻቸው አያንቀላፉም" ተብሎ ይመስለኛል።

ሥልጠናው አምስት ቀን ነበር። የጤና ጣቢያ ነርሶች፣ ጤና መኮንኖች፣ ከደጋንና ከአካባቢው የመጡ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች፣ ባንድ ላይ አሥራ ስድስት ሰው። ሐሳቡ ቀላል ነው። የአእምሮ ሕመም ላለበት ሰው ሁሉ ሐኪም አይበቃም፣ አልጋም አይበቃም፤ ስለዚህ ሕክምናው በደረጃ ይሰጣል። ቀለል ያለ ጭንቀት ያለበት ሰው ከታችኛው ደረጃ ይጀምርና በሳምንት አንድ ቀን ከሠለጠነ ነርስ ጋር ተቀምጦ ይነጋገራል። ካልተሻለው መድኃኒት ይጀምራል፤ ከዚያም ካለፈ ወደ ሆስፒታል፣ ወደ እኛ ይወጣል። የተሻለው ይሰናበታል። ማን የትኛው ደረጃ ላይ እንደሚሆን ለመወሰን ዘጠኝ ጥያቄ ያለው የአንድ ገጽ ቅጽ አለን፤ ለእያንዳንዱ መልስ ከዜሮ እስከ ሦስት ይጻፋል። ስምንቱ ስለ እንቅልፍ፣ ስለ ምግብ፣ ስለ ድካም፣ ስለ ተስፋ ማጣት ነው። ዘጠነኛው ሰውየው መሞትን ወይም ራሱን መጉዳትን አስቦ እንደሆነ ይጠይቃል። እዚያ ላይ ከዜሮ በላይ የመለሰ ሰው ተራ አይጠብቅም፤ የዚያኑ ዕለት ወደ ላይ ነው።

በአራተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ልምምድ አደረግን። ሁለት ሁለት ሆነው፣ አንዱ ታካሚ አንዱ ነርስ እየሆነ ይጠያየቃሉ። እየዞርኩ ሳዳምጥ እስከ ስምንተኛው ድረስ ሁሉም ይሄድላቸዋል፤ ዘጠነኛው ላይ ሲደርሱ ይስቃሉ፣ ይስላሉ፣ ወረቀቱን ያገላብጣሉ። ምን ሆናችሁ ብል ከደጋን የመጣች የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ እጇን አወጣች።

"ሲስተር፣ እኩያዬን እጠይቃለሁ። የአባቴን እኩያ ሞት አማረዎት ወይ ብዬ ብጠይቅ ግን ሟርት ነው። ወላሂ፣ ሁለተኛ በራቸውን አይከፍቱልኝም።"

አዳራሹ አጉረመረመ፤ ልክ ናት ማለታቸው ነው። ልክም ነበረች። እኔም የወሎ ልጅ ነኝ፤ ሽማግሌ ፊት ሞትን በስሙ አንጠራውም፤ ስለ ሰው ሕመም እንኳ "አላህ ያርቀው" ሳንል አናወራም። ይህን ልማድ ሳይሰብሩ እንዴት እንደሚጠየቅ ለማስተማር አንድ ሙሉ ቀን ያስፈልግ ነበር። እኔ ግን ደክሞኛል፤ ደሴን የለመደ ሰው የኮምቦልቻን ሙቀት አይችለውም፤ ቶሎ ጨርሼ መሳፈር ፈልጌአለሁ። እንግዲያው ተመልከቱ ብዬ የግቢውን ዘበኛ አስጠራሁ። ሽማግሌ ናቸው፣ ጨዋታ ያውቃሉ፤ ታካሚ ይሁኑልኝ ስላቸው ደስ ብሏቸው ተቀመጡ። ስምንቱን ጠየቅኳቸው። ዘጠነኛው ላይ ስደርስ አንገቴን ሰበር አድርጌ፣ "መቼም ሞትን የመሰለ ክፉ ሐሳብ የለም አይደል አባባ?" አልኳቸው። የለም ልጄ፣ አላህ ያርቀው አሉኝ። ዜሮ ጻፍኩ። አሥራ ስድስቱም እፎይ ብለው ያልኩትን ቃል በቃል ደብተራቸው ላይ ገለበጡት።

እንዲህ ተለማምጠው የጠየቁት ሽማግሌ "አዎ፣ አለ" ይላል ብሎ የሚያስብ ማን ነው? የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። እኔ ያፈሰስኩትን እንኳ አልለቀምኩም፤ በማግሥቱ ሠርተፊኬት አድዬ ነው የሄድኩት።

አባቴ በዚያን ጊዜ ኮምቦልቻ፣ እህቴ ቤት ነበሩ። ዕድሜ ልካቸውን ደሴ ላይ ጨርቃ ጨርቅ የነገዱ ሰው ናቸው። ጦርነቱ ከተማችን የገባ ጊዜ ሱቃቸው ተዘርፎ መደርደሪያው ብቻ ቀረ። እሱን ቻሉት፤ ጠርገው እንደገና ከፈቱ። በዓመቱ እናቴ ሞተች። እሷን ከቀበሩ በኋላ ሱቁን አልከፈቱትም። ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ያለው ቤታችን ባዶ ሆነባቸው፤ ኮምቦልቻ ይሞቃል፣ የልጅ ልጆችም አሉ ብለን ወደ እህቴ አወረድናቸው። እዚያም አልሆነም። ከአልጋው ጫፍ አይነሱም። ምግብ ሲቀርብ ቢስሚላህ ብለው አንዴ ይጎርሱና አልሃምዱሊላህ ይላሉ። ለጁምዓ እንኳ መስጊድ መሄድ ተዉ። ምን ሆኑ ሲባሉ ዝም ነው። ድሮ ነገረኛ ደንበኛ ሲመጣባቸው "ዝም አይነቅዝም" እያሉ ያሳልፉት ነበር፤ አሁን የእህቴ ቤት በሙሉ በእሳቸው ዝምታ ታፍኖ ነበር።

የገዛ ዘመድን ማከም በእኛ ሙያ አይፈቀድም፤ ይህንንም ለአሥራ ስድስቱ ደጋግሜ አስተምሬያለሁ። ስለዚህ ከሁሉም የምኮራበትን ተማሪዬን መረጥኩላቸው። የጤና ጣቢያ ነርስ ነው፤ ገና ሠላሳ ያልሞላው፣ ረጋ ያለ፣ ሰው ሲያወራ ስልኩን የማይነካ። አባቴን እጃቸውን ይዤ ወሰድኩና "አባቴ ናቸው፣ አደራ" አልኩት። ያቺ አደራ ምን ያህል እንደከበደችው ያኔ አልገባኝም። ለእሱ የመጣለት ታካሚ አልነበረም፤ የአስተማሪው አባት ነበሩ።

ማክሰኞ ማክሰኞ መሄድ ጀመሩ። ካርዳቸውን ላለማየት ለራሴ ቃል ገባሁ፤ ቃሌንም ጠበቅሁ። ስደውል ነርሱ አብሽሩ ሲስተር፣ ትንሽ ትንሽ እያወሩ ነው ይለኛል። በሁለተኛው ወር መጨረሻ ላይ ደግሞ እህቴ በደስታ ደወለችልኝ። አባባ ተነስተው ወጡ አለችኝ። በየጎረቤቱ እየዞሩ ሰው እየጠየቁ ነው። በአንድ ግንብ ምክንያት የተኳረፉትን የእህቴን ጎረቤት ቤቱ ድረስ ሄደው አፉ በለኝ፣ ይቅር በለኝ ብለውታል፤ ሰውየውም አልቅሶ አፉ ብሏቸዋል። ጁምዓ ሄደው ከሶላት በኋላ በር ላይ ቆመው የሚያውቁትን ሁሉ አፉ በሉኝ ብለዋል። እሷንም ባሏንም አፉ አስብለዋቸዋል። እኔም የሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ስልኩን ጆሮዬ ላይ እንደያዝኩ አለቀስኩ። ከደስታ የተነሳ ነበር።

ከጥቂት ቀን በኋላ ለክትትል ወደ ኮምቦልቻ ወረድኩ። ሠልጣኞቹ የሞሏቸውን ቅጾች አይቼ የተሳሳተውን ማረም ሥራዬ ነው። ቅጾቹን ከየጤና ኬላው ሰብስበው አቆይተውልኝ ነበር፤ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ጤና ጣቢያው በሰጠኝ ጠባብ ክፍል ክምሩን ይዤ ተቀመጥኩ። የመጀመሪያውን አየሁ፤ ዘጠነኛው ዜሮ። ሁለተኛው ዜሮ። ሦስተኛው ዜሮ። ጥሩ ነው እያልኩ ቀጠልኩ። ወደ ሃያኛው ስጠጋ ሌሎቹንም መልሶች አብሬ ማንበብ ጀመርኩ። ልጇን የቀበረች ሴት፣ ዜሮ። ከሥራ የተቀነሰ የፋብሪካ ሠራተኛ፣ ስምንቱም ላይ ሦስት ሦስት፣ ዘጠነኛው ዜሮ። ጦርነት ባለፈበት አገር ሞትን የተመኘ አንድም ሰው የለም። እንዲህ ያለ አገር ቢኖር ኖሮ እኔም ጓዜን ጠቅልዬ እገባ ነበር።

ከክምሩ መሃል የአባቴ ካርድ ወጣ። ማየት አልነበረብኝም፤ አየሁት። እንቅልፍ ሦስት። ምግብ ሦስት። ተስፋ ማጣት ሦስት። ዘጠነኛው በቆንጆ ጽሕፈት ዜሮ። ከቅጹ ጋር የየማክሰኞው ማስታወሻ ተያይዟል። የመጨረሻው እንዲህ ይላል፦ "ከሰው ጋር ያላቸው ግንኙነት በጣም ተሻሽሏል። ከጎረቤት ታርቀዋል። ዛሬ እኔንም አድክሜሃለሁ፣ አፉ በለኝ ብለውኛል። ክትትሉ ሊጠናቀቅ ይችላል።"

ሦስት ጊዜ አነበብኩት። በእኛ ዘንድ ሰው ቤት ለቤት ዞሮ አፉ በሉኝ የሚለው ሐጅ ሊሄድ ሲነሳ ነው። አለዚያም መሞቻው መድረሱን ሲያውቅ ነው፤ የሰው ሐቅ ተሸክሞ አላህ ፊት ላለመቅረብ። አባቴ ለሐጅ አልተነሱም። ይህን ለመረዳት ሥልጠና አያስፈልግም፤ ወሎ መወለድ ይበቃል። እኔም፣ እህቴም፣ ነርሱም ወሎ ነው የተወለድነው። ግን ሥልጠናው ሰው ከሰው መቀላቀል ከጀመረ ተሻለው ብሎናል፤ እኛም ያንን ይዘን አባታችን ሲሰናበቱን ተሻላቸው ብለን ተደሰትን። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚሉት ይህንን ነው።

ነርሱን ጠርቼ ዘጠነኛውን እንዴት እንደጠየቃቸው ጠየቅሁት። ፊቱ በራ፤ የማመሰግነው መስሎታል። "እርስዎ እንዳሳዩን ነው ሲስተር" አለኝ። "መቼም ሞትን የመሰለ ክፉ ሐሳብ የለም አይደል አባባ፣ እላቸዋለሁ። የለም ልጄ ይሉኛል።" ልጮህበት ብድግ አልኩ፤ መልሼ ተቀመጥኩ። በዚያ ክፍል ውስጥ ሊጮህበት የሚገባው ሰው እኔ ነበርኩ።

እህቴ ጋ ደወልኩ። አባባ በጠዋት ገላቸውን ታጥበው፣ ነጭ ልብሳቸውን ለብሰው ወደ ደሴ ወጥተዋል አለችኝ፣ አሁንም በደስታ። ሱቁን ሊያዩት መሰለኝ አለች። ስልካቸውን ትራሳቸው ሥር ትተውት ነበር የሄዱት።

ከኮምቦልቻ ደሴ ሩቅ አይደለም፤ የሐረጎን ዳገት መውጣት ነው። ሚኒባሱ ግን ካልሞላ አይነሳም። ቁጣዬ ያን ጊዜ መጣ። ሰው እየሞተብኝ ነው ብዬ ሹፌሩ ላይ ጮህኩበት፤ ሴቶቹ አላህ ይድረስልሽ አሉኝ፤ እሱም ሞተሩን አስነሳ። ሐረጎ ላይ ከጭነት መኪና ኋላ ስንጎተት ዱዓ ለማድረግ ሞከርኩ። ያ ረቢ ብዬ እጀምርና የቀረው ይጠፋብኛል። በጭንቅላቴ ውስጥ የሚመላለሰው "የለም አይደል" የሚለው የራሴ ድምፅ ብቻ ነበር። አጠገቤ የተቀመጠች ሴት እጄን ይዛ ደሴ እስክንገባ አለቀቀችኝም።

መጀመሪያ ሱቁ ጋ ሮጥኩ። ተቆልፏል። ከጎን ያሉት ነጋዴ የአባቴ የዘመን ጓደኛ ናቸው፤ አያታቸው ከየመን የመጡ፣ እኔም እንደ አጎቴ የማያቸው ሰው። አባትሽ መጥቶ ነበር አሉኝ። ገብቶ ተቀምጦ፣ የጥንቱን አንስቶ አሳቀኝ፤ ሲነሳ አፉ በለኝ አለኝ፤ ምን ሐቅ አለብህና ብዬ አፉ አልኩት። ይህን እየነገሩኝ ፊቴን አዩትና ንግግራቸውን አቋርጠው ብድግ አሉ። አባቴ ወዴት እንደሄዱ እሳቸውም አያውቁም ነበር። እኔ ግን ሌላ የሚሄዱበት ቤት እንደሌላቸው አውቃለሁ።

የቧንቧ ውሃው ቤታችን የግቢ በር ገርበብ ብሏል። አባቴ ግቢው ውስጥ፣ ቧንቧው አጠገብ ሲሚንቶው ላይ ተቀምጠዋል። ውዱእ አድርገዋል፤ ክንዳቸው ገና እርጥብ ነው። አጠገባቸው በጥቁር ፌስታል የተጠቀለለ ነገር አለ። ምን እንደሆነ አልጽፈውም። አልተከፈተም ነበር።

ፊት ለፊታቸው ቁጭ አልኩ። ስንቱን ሰው የጠየቅኩበት ሙያዬ ነው። ከአፌ የወጣው ግን "ደህና ነዎት አይደል አባባ?" የሚል ነበር። ደህና ነኝ፣ አልሃምዱሊላህ አሉኝ። እንደገና ሞከርኩ፤ አልሆነም። ለአባት እንዲህ ያለ ነገር እንዴት ይባላል? በሦስተኛው ነው የወጣልኝ።

"አባባ፣ ሊሞቱ ነው የመጡት?"

ዓይናቸውን ከመሬት አላነሱም። "አዎ" አሉ።

ከረፋዱ ጀምሮ እዚያ እንደተቀመጡ ነገሩኝ። የሚያውቁትን ሁሉ አፉ አስብለዋል። የቀረሁት እኔ ነኝ። ቢጠይቁኝ እንደማውቅባቸው ያውቃሉ፤ ሳይጠይቁኝ መሄድ ደግሞ አልቻሉም። እንዲያ ተይዘው ነው ያ ሁሉ ሰዓት ያለፈው።

"ያንቺ ሐቅ ከሁሉም ይበልጥብኛል" አሉኝ። "እናትሽ ታማ ሳለ ሐኪም ቤት እንውሰዳት ስትዪኝ፣ ብርድ ነው ይተዋታል ብዬ ያዘገየሁት እኔ ነኝ። አፉ በይኝ ልጄ።"

ይህንን ከእናቴ ሞት ጀምሮ አንስተነው አናውቅም። እውነት ለመናገር ቂሙ ነበረብኝ፤ ብዙ ቀን በልቤ ከስሻቸዋለሁ። በዚያች ደቂቃ ግን ቂሜ ሁሉ ጠፍቶ አንገታቸው ላይ ተጠምጥሜ አፉ ብያለሁ፣ አንድ ሺህ ጊዜ አፉ ብያለሁ ማለት ነበር ያማረኝ። አባት አፉ በይኝ ሲል ልጅ የምትመልሰው ሌላ መልስ የለም። እምቢ ያለች ልጅ አይቼ አላውቅም፣ ሰምቼም አላውቅም።

"አልልዎትም" አልኳቸው።

ያልሰማሁ መስሏቸው ደገሙልኝ።

"አልልዎትም አባባ። ሐቄን ይዤ ነው የምቆየው። ዛሬ ቢሄዱ አላህ ፊት እከስዎታለሁ።"

በሕይወቴ ለሰው የተናገርኩት ከዚህ የከፋ ቃል የለም። ቀና ብለው አዩኝ። ከዚያ ነጩ ልብሳቸው ላይ አቀርቅረው እንደ ሕፃን አለቀሱ፤ እናቴን ሲቀብሩ እንኳ ያላለቀሱ ሰው። ፌስታሉን አንስቼ በሻርፔ ጠቀለልኩት፣ ባጃጅ አስቆምኩና ወደ ሆስፒታል ወሰድኳቸው። ለሠልጣኞቼ "የዚያኑ ዕለት ወደ ላይ" እያልኩ የማስተምረው፣ ያ "ላይ" የሚባለው ቦታ ሞልቶ ነበር፤ ሁለት ቀን መተላለፊያው ላይ ፍራሽ አንጥፈን፣ እኔ እግራቸው ሥር ተቀምጬ አልጋ ጠበቅን።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ ያን ሳምንት አሥራ ስድስቱንም መልሼ ጠራሁ። ዜሮ የተጻፈላቸውን ሰዎች አንድ በአንድ እየዞርን በቀጥታ ጠየቅናቸው። ብዙዎቹ አዎ አሉን። የፋብሪካው ሠራተኛ፣ እስኪ ዛሬስ ጠየቃችሁኝ ብሎ አለቀሰ። ልጇን የቀበረችውን ሴት ግን አላገኘናትም፤ ቤቷ ስንደርስ ከተቀበረች ሳምንት አልፏት ነበር። ነርሱ በሩ ላይ ተቀምጦ ቀረ። ሥራዬን እለቃለሁ አለኝ። ጥፋቱ የእኔ ነው አልኩት፤ እውነቴን ነበር፤ ግን አልቀለለውም፣ እኔንም አልቀለለኝም። የሴትየዋን ካርድ እስካሁን መዝጋት አልቻልኩም።

አባቴ ሦስት ሳምንት ተኝተው ወጡ። ተከራይቼ የምኖርበትን ለቅቄ ቧንቧ ውሃ ቤታችን አብሬያቸው ገባሁ። መድኃኒታቸውን እኔ ፊት ይውጣሉ። አንዳንድ ቀን ሰው ይመስላሉ፤ አንዳንድ ቀን ከአልጋው ጫፍ አይነሱም። ምግባቸውን አስቀርበው እኔን ይጠብቁና ዛሬስ አፉ ትዪኛለሽ ይሉኛል። አልልም እላቸዋለሁ። አንድ ሼኽ ጠይቄ ነበር፤ ይህን ያህል የአባትን ልብ ማስጨነቅ ኃጢአት እንዳይሆን እፈራልሻለሁ፣ ሕይወቱን ካቆየው ግን አላህ ያውቅልሻል አሉኝ። ኃጢአት ከሆነም ተሸክሜዋለሁ።

ባለፈው ሰኞ ኮምቦልቻ አዲስ ሥልጠና ነበረኝ። ዘጠነኛውን ጥያቄ ብቻ ቀኑን ሙሉ ላስተምር ነው የተዘጋጀሁት። አባቴ ጋ የምትውለው እህቴ ከኮምቦልቻ ገና አልደረሰችም። ቦርሳዬን ይዤ ስሰናበታቸው እንደ ልማዳቸው ጠየቁኝ፤ እኔም እንደ ልማዴ አልልዎትም አልኩ። ዝም ይላሉ ብዬ ነበር።

"በየሳምንቱ ሐረጎን ትወጫለሽ፣ ትወርጃለሽ" አሉኝ። "አንቺ ብትቀድሚኝስ? ማን አፉ ይለኛል?"

ይህን አስቤው አላውቅም። ልሂድ አባባ፣ ረፈደብኝ ብዬ ወጣሁ። ጫማዬን አድርጌ የውጪው በር ላይ ቆምኩ። ከውጭ ብቆልፍባቸው እስረኛ አደረግኳቸው ማለት ነው፤ ክፍቱን ትቼው ብሄድ ደግሞ ነፍሴ እዚህ ቀርታ ነው የምሄደው። እህቴ ጋ ደወልኩ፤ ሚኒባሱ ገና እየሞላ ነው አለችኝ። ከውስጥ ምንም ድምፅ የለም። አባባ ብዬ ተጣራሁ፤ አልመለሱም። ቦርሳዬን መሬት ላይ ጥዬ ከነጫማዬ ወደ ውስጥ ሮጥኩ፤ ከአልጋው ጫፍ ላይ እንደተቀመጡ ነበሩ፣ መልሴን እየጠበቁ። አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ኮምቦልቻ ላይ አዳራሽ ሙሉ ሰው ደብተሩን ዘርግቶ እኔን ይጠብቅ ነበር።